የሥጋ መፍጫው መቀነት

«ይህ ብረት ጣትሽን የበላ ዕለት የሚተርፍሽ ምላስሽ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማን ያገባዋል?»

እንዲህ ያሉኝ አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ናቸው፣ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። የጣሊያኑ መሐንዲስ ወጥ ቤት ለሥራ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ሥጋውን በጣቴ ወደ መፍጫው ጉሮሮ ስገፋ አዩኝ። እኔ ደግሞ ሲነኩኝ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«ምላስ የሚያገባ ሞልቷል፣ እትዬ፤ የጠፋው ጆሮ ያለው ነው» አልኳቸው።

ሳቃቸው እንደ በልግ ዝናብ ድንገት የሚመጣ ነው። ሻሻቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ከመስኮቱ ላይ ትንሽ የወይራ ዘነዘና አውርደው እጄ ላይ ጫኑብኝ። «በዚህ ነው የሚገፋው። ጣት የአላህ ነው፤ እንጨት የዛፍ ነው። ቢበላም ዛፉ ሌላ ያበቅላል።» ከመፍጫው ጋር ከባሕር ማዶ የመጣውን የእንጨት መግፊያ ከኔ በፊት የነበረው ወጥ ሠሪ ምድጃ ውስጥ ማግዶት ኖሯል። ምትኩን የጠረቡት ራሳቸው ናቸው።

እኔ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት። ከተማዋ በጣሊያን ስትያዝ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ፤ ሒሳቤንና ፈረንሳይኛዬን ይዤ ሮቢት ውስጥ የሚነግዱት አጎቴ ዘንድ ወረድኩ። አጎቴም «ቋንቋ ታውቃለች» ብለው መንገድ ለሚያሠራው መሐንዲስ አስገቡኝ። «ለጠላት ሥጋ ልፈጭ ነው?» ብላቸው፣ «ካልፈጨሽ ሥጋው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። እግሬ ግን አንድ ቦታ መርጋት አይወድም። ወደ ደሴ የሚያልፍ ካሚዮን ባየሁ ቁጥር በልቤ እሳፈራለሁ፤ አቧራው ሲበተን ራሴን እዚያው ወጥ ቤት በር ላይ፣ እጄ በስብ ተለውሶ አገኘዋለሁ።

የሮቢት ቀትር ሰውን አያስተኛም፣ አያነቃምም፤ በመካከል አንጠልጥሎ ይይዛል። ከመንገዱ የተነሳው አቧራ ተመልሶ ለመውረድ ይሰንፋል። ከቆላው በኩል ጨው ጭነው የሚመጡት ግመሎች ከሩቅ ሲታዩ እግር የላቸውም፤ በሌለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ወንዙ እንኳ ድምፁን ይቀንሳል። በዚያ ሰዓት ከጓሮ የሚሰማው መብራት የሚያመነጨው የመሐንዲሱ ሞተር ብቻ ነው፤ ከቤቱ ሁሉ ጋር ይተነፍሳል። የመሐንዲሱን ማራገቢያ ያዞራል፣ መፍጫውንም ያዞራል፣ ብዙ ጊዜ እኔንም ያዞረኛል። ቆሜ እያለሁ ሕልም አይ ነበር። ከላይ የሚወርዱ ሾፌሮች «ጣርማ በር ላይ ተራራውን እየበሱት ነው» ሲሉ ሰምቼ፣ ዓይኔ ተከድኖ ሳይከደን መፍጫው ሲሰፋ፣ ጉሮሮው ተራራ ሲሆን፣ ደጋው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ክር ክር እየሆነ ቆላ ላይ ሲወርድ አያለሁ። ካሚዮኖቹም እንደዚያው ክር ሆነው ይወጣሉ።

«ተኛሽ?» ይላሉ እትዬ።

«አልተኛሁም።»

«ቆሞ የሚተኛ ፈረስና የተማረ ሰው ነው።»

መፍጫው ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ሆዱ ድብልብል ያለ፣ ጉሮሮው ወደ ሰማይ የተከፈተ ዕቃ ነበር። ሆዱ ውስጥ ሞተር አለ፤ ያ ሞተር የሚነሳው በረጅም ጥቁር የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ገመዱ በሁለት ወገን ይነቀላል፤ አንዱ ጫፍ መፍጫው ውስጥ፣ ሌላው ግድግዳው ውስጥ ይሰካል። ማብሪያው ግን መፍጫው ላይ አልነበረም፤ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጠረጴዛው ጋ ሥጋ ሲገፋ ሌላው በሩ ጋ ቆሞ ማብሪያውን ይይዛል። ሥጋ የሚገፉት እትዬ፣ ማብሪያ የምይዘው እኔ።

እትዬ ደግሞ ያለ ቢስሚላህ እጃቸውን ምንም ላይ አያሳርፉም። ሽንኩርት ሲልጡ ቢስሚላህ፣ ድስት ሲያነሱ ቢስሚላህ። ሥጋውን ጉሮሮው ላይ አድርገው ዘነዘናውን ሲያነሱም «ቢስሚላህ» ይላሉ፤ እኔ ያኔ ማብሪያውን ጠቅ አደርጋለሁ። ማንም እንዲህ ይሁን አላለም፤ ሲሠራ ሲሠራ እንዲህ ሆነ። እኔ የማርያም ልጅ በቢስሚላህ መብራት አበራለሁ። መሐንዲሱ ሳይቀር ተማረው። እነዚያ ፖልፔታ የሚላቸውን ድብልብል ጥብሶች ሲያምረው ራሱን በበሩ አስገብቶ «ቢስሚላ! ቢስሚላ!» ይላል፤ ቃሉ የመፍጫው ስም መስሎታል።

«ይህ ሰውዬ ሳያውቀው ሊሰልም ነው» ይላሉ እትዬ።

እሳቸው ከመፍጫው የወጣ አይቀምሱም። «የማንን ሥጋ እንዳላመጠ አላውቅም» ይላሉ። የሚበሉትን በመሀረብ ቋጥረው ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ።

እትዬ እዚያ ቤት ወደው አልገቡም። የማሽላ እርሻቸው ላይ የመንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ ስለ ሰፈረ ነው። ሥራቸው ሌላ ነበር፤ አዋላጅ ናቸው። በቀወት ዙሪያ የስንቱ ልጅ መጀመሪያ ያረፈው በእሳቸው መዳፍ ላይ ነው። እጃቸው እንደ ሌላ ሰው እጅ አልነበረም። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ጥፍሩ እስከ ሥሩ የተቆረጠ፤ ቀለበት አያደርጉበትም፣ ማታ ማታ በሰሊጥ ዘይት ያሹታል። «ይህ እጅ የኔ ብቻ አይደለም» ይሉኝ ነበር። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ከተራራው ሥር ያለ መንደር አግብታለች። የመጀመሪያ ልጇ በእግሩ መጣና እሳቸው ሳይደርሱ ሞተ። አሁን ሁለተኛውን ተሸክማ ወሯ ገብቷል። እትዬ በየጠዋቱ ሲመጡ የሚያወሩት ይኼንኑ ነው። ሆዷ ወደ የት እንደ ወረደ፣ ጽንሱ በየት በኩል እንደሚራገጥ። «ይኼኛውም እንደ ወንድሙ እግሩን ካስቀደመ ማዞር አለብኝ። የማዞረው በዚህ ነው» ይሉና ቀኝ እጃቸውን አንስተው ያሳዩኛል፤ ጣቶቻቸውን አንድ ላይ ሲገጥሙት የወፍ ምንቃር ይመስላል።

ያንኑ እጅ ነበር መፍጫውን ሲያጸዱ ጉሮሮው ውስጥ የሚከቱት።

የኔና የእትዬ ጥል ይኼ ነው። ሥጋ ተፈጭቶ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ ደረቅ የፉርኖ ዳቦ ይከተለዋል፤ ዳቦው የቀረውን ሥጋ ገፍቶ ያወጣል። ከዚያ አፉ ላይ ያለው ቀለበት ይፈታል፣ ወንፊቱ ይወጣል፣ ቀጥሎ ባለ አራት ክንፍ ምላጩ፣ ከምላጩ ኋላ ጠመዝማዛው። እነዚህ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባሉ። ሞተሩ ያለበት ሆድ ግን ውሃ አይነካውም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ። የታጠበው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከደረቀ በኋላ ዝገት እንዳይነካው ዘይት ይቀባል። ዘይቱ የእትዬ ሰሊጥ ነው። «ለአራስም ለብረትም አንድ ነው» ይላሉ፤ ጠርሙሱ ከመስኮቱ አይጠፋም። ሲመለስ ምላጩ ልሙጥ ጎኑን ወደ ወንፊቱ ማድረግ አለበት። ጀርባውን ከሰጠው ሥጋው አይቆረጥም፣ ይታኘካል፤ ጅማቱ ጠመዝማዛው ላይ ይጠመጠማል።

ይኼን ሁሉ እትዬ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። አላምን ያሉት ስለ ገመዱ ነው። ከመፍጫው ጋር በመጣችው ትንሽ መጽሐፍ ላይ፣ በፈረንሳይኛዬ እየተደናበርኩ ካነበብኩት ጣሊያንኛ፣ መጀመሪያ የተጻፈው «ከማጽዳት በፊት ገመዱ ይነቀል» ነው። ለእትዬ ግን ማብሪያው ከጠፋ ጠፋ ነው። ጓሮ ያለው ሞተር ከቆመማ ጭራሽ።

«ሞቷል እኮ!» ይላሉ እጃቸውን እየሰደዱ።

«እትዬ፣ ሞተር ነው እንጂ ሞተ አይደለም! ጋሼ መልሰው ያስነሱታል።»

«ሞቶ የሚነሳው በቂያማ ቀን ነው።»

ጋሼ የምላቸው ሞተሩን የሚጠብቁት ሰው ናቸው፤ ከአንኮበር የወረዱ፣ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ጩኸት አጠገብ ከመዋል የተነሳ ሹክሹክታ የማያውቁ። ይኼን ሲሰሙ ከጓሮ ይጮሃሉ። «እኔ በቀን አራቴ አስነሳዋለሁ! ቂያማ በኔ እጅ ናት!»

«አስተግፊሩላህ በል!» ይላሉ እትዬ።

ክርክር ሲሰለቸኝ ዘዴ ፈጠርኩ። ሊጸዳ ሲል ገመዱን ከሁለቱም በኩል ነቅዬ ወገቤ ላይ እጠመጥመዋለሁ፣ እንደ መቀነት። ገመዱ ወገቤ ላይ እስካለ መፍጫው ማንም ቢነካው ድንጋይ ነው። ሳቁብኝ። እትዬ «የጣሊያን መቀነት» አሉት። ጋሼ ግን አልሳቁም። ያን ሰሞን አርበኞች የስልክ ሽቦ ይቆርጡ ነበርና ሽቦ ይዞ መገኘት ያስገድላል። «ልጄ፣ በዚህ ዘመን ሽቦ የታጠቀ ገመድ ይታጠቃል» አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ወዲያ ነጠላዬን ከላዩ እደርባለሁ።

መሐንዲሱ ስለ ገመዱ የነበረችው ሕግ አንዲት ነበረች። ካምፑ ውስጥ አንድ ሠራተኛ እርጥብ ሽቦ ይዞ ሲሞት በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ አንድ ቀን ገመዱ ላይ ውሃ ጠብ ሲልብኝ ፊቱ ወረቀት መሰለ። እጄን ይዞ ወደ ፀሐይ አወጣኝ፤ የረጠበ ገመድ ድፍን ቀን ፀሐይ ላይ ካልዋለ በስተቀር ማንም፣ እሱም ጭምር፣ እንደማይሰካው አስማለኝ። በማን እንደ ማልኩ አላውቅም፤ በጣሊያንኛ ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ ከደሴ የሚመጣ የመሐንዲሱ አለቃ ለምሳ ይጠበቅ ነበር። ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ነገሮችን ከጥላቸው ነጥሎ ነበር። የሥጋው ግማሽ እንደ ተፈጨ መፍጫው አቃሰተ፤ ጅማት ጠመዝማዛው ላይ ተጠምጥሞ ክሩ ቆመ። ማብሪያውን አጠፋሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ታጠቅሁ፣ ሙቅ ውሃ ላመጣ ወደ ደጁ ምድጃ ወጣሁ።

አጥሩ ጋ አንድ ሰው ቆሟል። የእትዬ አማች ነው። አማቱን ቀና ብሎ ማየት ነውር ስለሆነበት ፊቱን ወደ አህያዋ አዙሯል።

«አንቺ አህያ» አለ፣ ወጥ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «እናቷ ቢሰሙ ደግ ነበር። ምጡ ከሌሊት ጀምሮ ነው። ሴቶቹ ዳብሰው የሚሰማው እግር ነው ይላሉ።»

አህያዋ ጆሮዋን አወዛወዘች።

«ሰምቻለሁ በይው!» አሉ እትዬ ከውስጥ፣ ለማን እንደ ሆነ እንጃ። «ይኼን ጅማት ላውጣና መጣሁ በይው! አሁን ጥዬ ብሄድ ሰውዬው በሩን ይዘጋብኛል!»

ውሃውን በባሊ ቀድቼ ሳሙና ጨመርኩበት። እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ሲወጣ ግቢው ሁሉ ተንሳፈፈ፤ አማችየው፣ አህያዋ፣ አጥሩ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ግራር፣ ሁሉም ሥር ሳይኖራቸው አየር ላይ የቆሙ መሰሉኝ። የጓሮው ሞተር ይተነፍሳል። ባሊውን አንስቼ ወደ በሩ ስመለስ መሐንዲሱ ቀድሞኝ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ሰዓቱን እያየ፣ ትከሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ።

ከውስጥ የእትዬ ድምፅ መጣ። «ቢስሚላህ።»

መሐንዲሱ ከሰዓቱ ቀና ሳይል፣ እኔ ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ እጁን ዘረጋና ማብሪያውን ጠቅ አደረገው።

ምንም አልሆነም።

ደግሞ ጠቅ አደረገው። ጠቅ፣ ጠቅ። በትከሻው ላይ አሻግሬ ወደ ውስጥ አየሁ። የእትዬ ቀኝ እጅ እስከ አንጓው ድረስ መፍጫው ጉሮሮ ውስጥ ነው። ዝንብ ጠረጴዛው ላይ ትሄዳለች። ጊዜው ሁሉ እዚያች ጠረጴዛ ላይ የተኛ መሰለኝ።

መሐንዲሱ ፊቱን ወደ ጓሮ አዞረና በዚያች ጥቂት አማርኛው ጮኸ። «ሞተር! ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም!» አሉ ጋሼ ከማዶ። «አይሰማህም እንዴ? ይኸው ይጮሃል!»

እትዬ ሰሙ። መጀመሪያ ማብሪያውን አዩ፣ ቀጥሎ የመሐንዲሱን ጣት፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ የገባውን እጃቸውን። ቀስ ብለው አወጡት፣ ከእንቅልፍ እንደሚወጣ ሰው። ጣቶቻቸው መሃል የጅማት ጭብጥ አለ። ፊታቸው ላይ አንስተው አንድ በአንድ አንቀሳቀሷቸው፤ አምስቱም ታዘዙ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ወደኔ። «መቀነቱ የት አለ?»

ነጠላዬን ገለጥ አደረግኩ።

መሐንዲሱም አየ። በመጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። የእትዬን እጅ ሊቆርጥ የነበረውን ነገር ሳይሆን ወገቤ ላይ ያለውን ሽቦ ነው ያየው። «ስጪ» አለኝ። ከዚያ በቋንቋው ቀጠለ፤ በዝግታ ነው የሚናገረው፣ እንደምከተለው ያውቃል። አለቃው መንገድ ላይ ነው፤ የቀረው ሥጋ አሁኑኑ ይፈጫል፤ ሴትዮዋ ፈጭታ ከጨረሰች፣ ምሳው ከተነሳ፣ ከዚያ በኋላ ትሄዳለች። ገመዱም ከዛሬ ጀምሮ ግድግዳው ላይ በሚስማር ይመታል፤ ማንም አይነቅለውም።

«ልጃቸው ምጥ ላይ ናት» አልኩት በፈረንሳይኛ።

«ሴት ሁሉ ትወልዳለች» አለ።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ።

«ፈጭተው ይሂዱ ይላል።»

«ምን ያህል ይፈጃል?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሥጋ አየሁት። ጅማቱ ቢወጣም መፍታት፣ ማጠብ፣ መግጠም፣ ከዚያ ገና መፍጨት አለ። አለቃው እስኪበላ መጠበቅ አለ። ፀሐይዋ እስከዚያ ተራራው ላይ ትደርሳለች። እትዬ ከዓይኔ አነበቡት መሰለኝ መልስ አልጠበቁም፤ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ወደ በሩ አዩ። በሩን መሐንዲሱ ሞልቶታል። ከውጭ አማችየው አህያዋን «እንሂድ እንጂ፣ እንሂድ እንጂ» ይላታል።

መሐንዲሱ መዳፉን ዘረጋ። «ስጪ!»

ባሊውን መሬት አስቀመጥኩ። ገመዱን ከወገቤ እየዞርኩ ፈታሁት፤ ረጅም ነው፣ ሲፈታ ጊዜ ወሰደ። ጫፍና ጫፉን ሰበሰብኩና መዳፉ ሳይሆን ባሊው ውስጥ ለቀቅኩት። ሁለቱ ጫፎች ለትንሽ ጊዜ እንደ ውሃ እባብ ቀና አሉ፤ ከዚያ በሳሙናው አረፋ ሥር ገቡ።

መሐንዲሱ ወደ ባሊው ጎንበስ ሊል ጀምሮ እጁን ሰበሰበ።

«ድፍን ቀን ፀሐይ ላይ» አልኩት፣ ባስማለኝ ቋንቋ። «ማንም። አንተም ጭምር።»

ከጓሮ ጋሼ «ምን ተፈጠረ? ላጥፋው ወይ?» ብለው ይጮሃሉ። መሐንዲሱ ባሊውን እያየ ከበሩ ላይ ገለል አለ፤ የሚያስፈልገው ያቺ ክፍተት ብቻ ነበረች። እትዬ በጎኑ አልፈው ወጡ። እጃቸውን ከፍ አድርገው ይዘውታል፣ እንደ ተቀጣጠለ ነገር፣ ምንም እንዳይነካባቸው።

«አንቺ» አለኝ መሐንዲሱ። «አሁን ከወጣሽ ነገ የለሽም።»

ከግቢው በር እትዬ ዞር ሳይሉ ተጣሩ። «ዘይቴን! ዘይቴን ረስቻለሁ፣ አንቺ ምላሳም!»

የሰሊጡን ጠርሙስ ከመስኮቱ አነሳሁ፤ ፀሐይ ላይ ስለዋለ ሞቋል። ባሊውን ተሻግሬ ወጣሁ። አማችየው አህያዋን ዘንግ አሳርፎባት ፊት ፊት መሄድ ጀምሯል፤ እትዬ ከኋላው ናቸው፤ መንገዱ ላይ ያለው ሙቀት እግራቸውን ወስዶባቸው ይንሳፈፋሉ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ ተከተልኳቸው።